ጥርን የማያውቅ ላፕቶፕ

ማክሰኞ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ።

ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሜ ማስፈሬ የቆየ ልማዴ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በምተርከው ነገር ውስጥ ቀንም ሰዓትም የየራሳቸው ድርሻ ስላላቸው ጭምር ነው። በዚያች ሰዓት፣ ደብረ ታቦር ባለው ቤቴ፣ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ከፍቼ፣ ሊነክስ የሚባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት የያዘች ፍላሽ ጎኑ ላይ ሰካሁ። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝና፣

«ደግሞ ሊያፈርሱት ነው?» አለች።

«ላድሰው ነው» አልኋት።

«ራዲዮኑንም ሊያድሱት ነበር» ብላ ተመለሰች።

ራዲዮኑን በተመለከተ እውነቷን ነው፤ ዛሬም በካርቶን ውስጥ ተበትኖ ይገኛል።

ላፕቶፑ ባሕር ዳር የምትሠራው ልጃችን አዲስ ስትገዛ ለእኔ የተወችልኝ ነው። የተጫነበት ሥርዓት ከየት እንደተገኘ የማይታወቅ ቅጂ ስለነበር፣ «ይህ ቅጂ ሕጋዊ አይደለም» የሚል ግራጫ ጽሑፍ ከስክሪኑ ጥግ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። ዕድሜዬን በሙሉ ሒሳብ ሳስተምር፣ ከጎረቤቱ የቀዳን ተማሪ ከፈተና ክፍል ሳስወጣ የኖርሁ ሰው፣ በስተርጅናዬ ከገዛ ጠረጴዛዬ ላይ ቀጂ ተብዬ ስከሰስ መዋልን አልወደድሁም። በዚያ ላይ አንድ ቫይረስ ጽሑፎቼን አንድ በአንድ ወደማይከፈቱ ምልክቶች እየለወጠ ሲጨርሳቸው ትዕግሥቴ አለቀ። ሊነክስን ማንም ሰው በሕግም ሆነ በኅሊና ሳይጠየቅ ሊጭነው እንደሚችል አንብቤ ነበርና፣ ልጄን ልጠይቅ ባሕር ዳር በወረድሁ ጊዜ በፍላሽ አውርጄ፣ የአጫጫኑንም መመሪያ በወረቀት አሳትሜ ይዤ ተመለስሁ።

ነገሩ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን እስከ ክረምት ባዘገየሁት ነበር። ያስቸኮሉኝ የኔታ ናቸው።

የኔታ የቅኔ መምህርና ጎረቤቴ ናቸው። በልጅነታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን ዳዊት ደግመናል። ከዚያ በኋላ እኔ ወደ አስኳላ ኮበለልሁ፣ ዩኒቨርሲቲም ደረስሁ፤ እሳቸው ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው እየዞሩ ቅኔውን ጠግበው ተመለሱና እዚሁ ጉባኤ ዘረጉ። ዕድሜያችን እኩል ቢሆንም እሳቸው «አንተ» ይሉኛል፣ እኔ «አንቱ» እላቸዋለሁ። ጡረታ የወጣን የሒሳብ መምህር አንቱ የምትለው ሚስቱ ብቻ ናት።

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ወደ እርሷ እንዲሄዱ ስትለምናቸው ቆይታለች። እሳቸውም «ተማሪ ትቼ የት እሄዳለሁ?» እያሉ ይመልሷት ነበር። ዘንድሮ ግን ይህ መልስ ሳሳ። መንገዱ እንደ ልብ ባለመሆኑ ከሩቅ የሚመጣ አዲስ ተማሪ የለም፤ የነበሩትም ጨርሰው ሄደዋል፤ በግቢያቸው ያሉት የተማሪ ጎጆዎች ባዷቸውን ቆመዋል። በዚህ ጊዜ በየከተማው በየደብሩ የሚያገለግሉ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው አንድ ሐሳብ አመጡ። በየሳምንቱ ሐሙስ ከምሽቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት በቪዲዮ እንገናኝ፤ እኛ ቅኔያችንን እናሰማ፣ የኔታ ያርሙን፤ አሉ። ልጃቸውም ሰማችና ቁርጡን ነገረቻቸው።

«ይህ ነገር ከተሳካ፣ ተማሪ አለኝ ይበሉና እዚያው ይቆዩ። ካልተሳካ ግን ጾም ሳይገባ እወስድዎታለሁ።»

የመጀመሪያው ጉባኤ ፍላሿን ለሰካሁበት ሳምንት ሐሙስ ተቀጠረ። በእኔ ስልክ አስቀድመን ሞክረን ነበር። የኔታ ስልኩን ከዐይናቸው አርቀውም አቅርበውም ካዩት በኋላ መለሱልኝ።

«ይህ የጉንዳን መስኮት ነው። ተማሪ ቅኔውን ራሱ ተቀኝቶት ይሁን ከሌላ ለቅሞት የሚታወቀው ከዐይኑ ነው። ዐይኑን ካላየሁ አላስተምርም።»

ስለዚህ ሰፋ ያለ ስክሪን አስፈለገ፤ ሰፋ ያለ ስክሪን ያለውም እኔ ዘንድ ነው። የኔታ ቢሄዱ የሚጎዳው ማን እንደሆነም አልደብቅም። ከሰዓት በኋላ ወደ ጋፋት በሚወስደው የእግር መንገድ አብረን እንወጣለን። ለጤና ነው እንላለን እንጂ የምንወጣው ለክርክር ነው። በዚህ ከተማ የሚከራከረኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሰው ስለ ሽበቴ ሲል ይስማማልኛል።

ፍላሿን ሰክቼ ላፕቶፑን ሳስነሣው የኔታ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ገቡ። ከጉና ተራራ የሚወርደው የጥር ንፋስም አብሯቸው ገባ።

የላፕቶፑን የውስጥ ሰዓት የምትመግበው ክብ ባትሪ ከሞተች ቆይታለች፤ ዋናው ባትሪም እንዲሁ። በዚህ የተነሣ ማሽኑ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ያለበትን ዘመን ረስቶ ቀንና ሰዓት ንገሩኝ ይላል። ያን ጊዜም ሦስት ባዶ ሳጥኖች ደረደረ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን።

«ምን ይላል?» አሉ የኔታ፣ ወንበር ስበው ከጎኔ እየተቀመጡ።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ይላል።»

«ንገረዋ! ጥር ሃያ ሰባት።»

«ብዙ ሰው የፈረንጁን ነው የሚያስገባው።»

«ለምን? ይህ ዕቃ ያለው የት ነው?»

«ደብረ ታቦር።»

«መብራቱስ ከየት ነው የሚመጣለት?»

«በመጣ ቀን፣ ከዓባይ።»

«የዓባይን መብራት እየበላ የሮምን ቀን ይቆጥራል?»

ክርክሩ ጠንካራ መስሎ ታየኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ወደዚያው አዘንብዬ ነበር፤ በአንድ ደብዳቤ ላይ ሁለት ዘመን እያቀላቀለ የሚጽፍ ጸሐፊ ሲያበሽቀኝ ነው የኖረው። ጥር ከመስከረም ሲቆጠር አምስተኛ ወር ነውና፣ በዓመቱ ሳጥን ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት፣ በወሩ አምስት፣ በቀኑ ሃያ ሰባት ብዬ በጥንቃቄ ሞላሁ። ሰዓቱንም ግድግዳው ላይ ካለው አይቼ ሦስት ተኩል አልሁት። ማሽኑ ያለ አንዳች ተቃውሞ ተቀበለ።

«አየኸው?» አሉ የኔታ። «ጨዋ ነው።»

«ጳጉሜን ሲመጣ ነው የምናየው። ዐሥራ ሦስተኛ ወር አልቀበልም ይላል።»

«እስከ ጳጉሜን ይማራል።»

መጫኑ ከተጀመረ በኋላ አንድ ሌላ ጥያቄ መጣ። ሰዓቱን ኢንተርኔት ባገኘ ጊዜ ራሱ እንዲያስተካክል ትፈቅዳለህ ወይ ይላል። አልፈቅድም አልሁ። በእጄ ያስተካከልሁትን ሰዓት ማን እንደሆነ የማላውቀው ባዕድ እንዲነካብኝ አልፈለግሁም።

እኩለ ቀን ሳይሞላ መጫኑ አለቀ። አዲሱ ሥርዓት ንጹሕ ነበር፤ ፈጣንም ነበር። ከጥጉ የሚከሰኝ ግራጫ ጽሑፍ የለም። ባለቤቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ አየችና «ቀለሙ ደስ ይላል» አለች። ከእርሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። እኔም ለየኔታ አንድ የተቀዳ ዝማሬ ላሰማቸው ብዬ ከፈትሁ። መስመሩ ይሄዳል፣ ደቂቃው ይቆጠራል፣ ድምፅ ግን የለም። የድምፁን ምልክት ብነካው በላዩ ላይ ኤክስ ተደርጎበታል። መቅጃውን ሞከርሁ፤ እርሱም አይሰማም። ላፕቶፑ ዲዳም ደንቆሮም ሆኖ ተነሥቷል።

«ዘካርያስ ሆነ» አሉ የኔታ።

«ድራይቨር የለውም ማለት ነው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

በላፕቶፕ ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ የየራሱ ቋንቋ እንዳለው፣ ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም በዕቃውና በሥርዓቱ መካከል ቆሞ እንደሚያስተረጉም፣ ዕቃ ሠሪዎቹ ግን ይህን አስተርጓሚ በአብዛኛው የሚያዘጋጁት ገንዘብ ለሚከፈልባቸው ሥርዓቶች እንደሆነ፣ ለሊነክስ የሚሠሩት ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች እንደሆኑ፣ የዚህ ላፕቶፕ የድምፅ ድራይቨርም ከፍላሿ ጋር ስላልመጣ ከኢንተርኔት መውረድ እንዳለበት አስረዳኋቸው። የኔታ በጥሞና አዳመጡኝ።

«እንግዲያ ጥራዋ፣ ያን አስተርጓሚ።»

ቤቴ የኢንተርኔት መስመር የለውም። ስልኬን በኬብል ከላፕቶፑ ጋር አገናኘሁት፤ ወዲያው ተዋወቁ፤ የስልኩ ዳታ ወደ ላፕቶፑ ፈሰሰ። በዚህ የተሰማኝን ደስታ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ የየኔታን ትከሻ ቸብ አድርጌ «አለቀ!» ብያቸዋለሁ። መመሪያው እንዳዘዘው ትእዛዙን በጥቁሩ መስኮት ላይ ጻፍሁ። ሊነክስ ማንኛውንም ነገር ከማውረዱ በፊት፣ በኢንተርኔት ላይ ያለውን የፕሮግራም ማከማቻውን ማውጫ ያነባል፤ በማውጫው ላይ የወጣበት ቀን ተጽፏል። አነበበ። ከዚያም እንዲህ የሚል መልስ ሰጠኝ፤ ይህ ማውጫ ገና አልጸናም፤ ሊጸና ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዐሥር ቀናት ይቀሩታል።

ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ለየኔታም ተረጎምሁላቸው።

«ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ቀን?» የኔታ በጣታቸው እየቆጠሩ ጣሪያውን አዩ። «ሰባት ዓመት ከምናምን ወር ይሆናል። እስከዚያ ድረስ እኔና አንተ የቱ መቃብር እንደምንተኛ ታውቃለህ?»

«ስሕተት ይኖራል።»

«ማሽኑ ጨዋ ነው ብያለሁ። ጨዋ ቀጠሮ ሲሰጥ ይጠብቃል።»

በዚያ ከሰዓት በኋላ ወደ ጋፋት አልወጣንም። መብራት ጠፋ፣ መጣ፣ እንደገና ጠፋ፤ በመጣ ቁጥር እኔ ቀኑንና ሰዓቱን በሥርዓት አስገብቼ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ማውጫውን ከሌላ አገር ከተቀመጠ ግልባጭ ላይ እንዲያነብ አደረግሁት። የሌላው አገርም ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዐሥር አለ። ረቡዕ ጠዋት ተነሥቼ ሞከርሁ። አሁንም ያው ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አልቀነሰም። ይህ ነገር ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። ሌሊት አልፎ የማይጎድል ቀጠሮ ቀጠሮ አይደለም፤ በሁለት ነገሮች መካከል ያለ ልዩነት ነው፤ ይህን በሰሌዳ ላይ ቢያሳዩኝ ወዲያው የምለየው ነበር። እኔ ግን ጥፋቱን በኬብሉ፣ በኔትወርኩ፣ በፍላሿና በማላውቃቸው በጎ ፈቃደኞች ላይ እያፈራረቅሁ ዋልሁ።

«ምሳ ቀርቧል» አለች ባለቤቴ።

«ቆዪኝ።»

«ሰባት ዓመት ልቆይ?»

የኔታ ነግረዋት ነበር። ከእርሷ ሌላ ለልጃቸውም ነግረዋት ኖሯል፤ ይህን ያወቅሁት ሐሙስ ጠዋት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ተሸንፌ ወደ የኔታ ቤት ሄድሁ። «የዛሬውን ጉባኤ ያራዝሙልን» ብዬ ልለምናቸው ነበር። ስገባ መጻሕፍታቸውን ከማሕደራቸው እያወጡ በአልጋቸው ላይ ሲደረድሩ አገኘኋቸው። የሚሄዱትን ከሚቀሩት እየለዩ ነው። ከእነዚያ መጻሕፍት አንዱንም ከቦታው ሲነቃነቅ ዐይቼ አላውቅም ነበር።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ማሽንህ ሰባት ዓመት ጠብቁ ካለ ምን ላድርግ? ትናንት ማታ ለልጅቱ አልሆነም አልኋት። ትኬት ቁረጪ አልኋት።»

ልመልስላቸው ስል ስልካቸው ጮኸ። ቁልፍ ያለው ትንሽ ስልክ ነው፤ ድምፁ ግን ከጎረቤት ይሰማል። ልጃቸው ነበረች።

«አባየ፣ ትኬቱ ተቆርጧል። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን። ቅዳሜ ነው፣ በስምንት።»

«በስምንት ስትይ፣ በኛ ነው በፈረንጅ?»

«በፈረንጅ ነዋ፣ አባየ። ትኬት መቼም በፈረንጅ ነው።»

«በኛ ስንት ይውላል ታዲያ?»

«ውይ! እዚህ ያለው ካላንደር የፈረንጅ ብቻ ነው። ብቻ ቅዳሜ ነው።»

«የፈረንጁ ወር የካቲት ነው፤ የካቲት ስምንትም ቅዳሜ ነው» አሉ የኔታ ረጋ ብለው፤ በኛ ቀን ሲቆጥሩ አይሳሳቱም። «ደግ ነው። መጻሕፍቱን ለመጠቅለል ከሳምንት በላይ አለኝ።»

እኔ በልቤ ቆጥሬ ጨርሼ ነበር።

«የለዎትም» አልኋቸው። «ፌብሩዋሪ ስምንት የካቲት አንድ ነው። እሱም ቅዳሜ ነው። ከነገ ወዲያ።»

የኔታ ስልኩን እንደያዙ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። በስልኩ ውስጥ ልጃቸው «አባየ? አባየ?» ትላለች። እሳቸው ግን ግራና ቀኝ የተከመሩትን መጻሕፍት ያያሉ። ከመካከላቸው ገና ያልተለዩት ይበዛሉ።

እኔ ደግሞ የገዛ ቃሌን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ልጅቱ ስምንት አለች፤ አባቷ ስምንት ብለው ሰሙ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ሁለቱም ቅዳሜ ነው፣ በመካከላቸው ግን ሳምንት ሙሉ አለ። ስለዚህ ነው በዚህ አገር እህል ነጋዴውም፣ ሐኪሙም፣ ሠርግ የሚደግሰውም ቀን ሲነገረው «በኛ ነው በፈረንጅ?» ብሎ ሳይጠይቅ የማያልፈው። ማሽኑ ግን አልጠየቀኝም። የሚያውቀው ቁጥር አንድ ብቻ ነውና፣ ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ስለው የፈረንጅ ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት መስሎት፣ አምስተኛ ወር ስለው ሜይ መስሎት፣ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ሄዶ ቁጭ ብሏል። ከዚያ ሆኖ የዛሬውን ማውጫ ሲያይ፣ ገና ያልመጣ ዘመን ጽሑፍ ነው፤ እንዴት ይመነው? የጨዋ ነገር ሆኖበት እምቢ አለ። ሰዓቱን ላርምልህ ብሎ ጠይቆኝም ነበር፤ አይሆንም ያልሁት እኔ ነኝ።

«የኔታ፣ ይነሡ» አልሁ።

«ወዴት?»

«ወደ ማሽኑ። በኛ ነው በፈረንጅ ብሎ አልጠየቀንም።»

የኔታ ባሕረ ሐሳብን፣ የዘመን አቆጣጠሩን ትምህርት፣ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ሌላ ማብራሪያ አልፈለጉም። ለልጃቸው «ቆይ፣ እደውላለሁ» ብለው ዘጉና መቋሚያቸውን አነሡ። ሁለት ሽማግሌዎች ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድን ያየ ሰው እሳት የተነሣ ሳይመስለው አልቀረም። አንዲት ጎረቤት ከአጥሯ ላይ ሆና «ምን ሆናችኋል? ደኅና?» ብትል፣ የኔታ ሳይቆሙ «ዘመን ተሳስተን ነው!» አሏት።

መብራት ነበር። ላፕቶፑን አስነሣሁት፤ ሦስቱ ሳጥኖች መጡ። በዓመቱ ሁለት ሺህ ሃያ አምስት፣ በወሩ ሁለት፣ በቀኑ ስድስት አልሁ፤ ሰዓቱንም በፈረንጅ ሞላሁ። እጄ በዓመቱ ሳጥን ላይ ጥቂት ማመንታቱን የኔታ አላለፉትም።

«ባሕረ ሐሳብን ለሮም አስረከብሃት።»

«አንቱ አይደሉ የኛን ንገረው ያሉኝ?»

«እኔ የቅኔ መምህር ነኝ! ዩኒቨርሲቲ የገባኸው አንተ። የቅኔ መምህር ሰምተህ ማሽን ታበላሻለህ?»

«የዓባይን መብራት ሲሉ አሳመኑኝ።»

«ስንት ዓመት ስከራከርህ አንድ ቀን አምነኸኝ አታውቅም። ማመን የጀመርኸው ማክሰኞ ነው?»

 ትእዛዙን ጻፍሁ። ማውጫው ያለ አንድ ቃል ተነበበ፤ ድራይቨሩ ከስልኬ ዳታ ላይ በቀስታ እየተንጠባጠበ ወረደ፤ ተጫነ። ላፕቶፑን አጥፍቼ ሳስነሣው የድምፁ ኤክስ ጠፍቶ ነበር። ማክሰኞ የከፈትሁትን ዝማሬ መልሼ ከፈትሁት፤ የድምፁን መጠን ከፍ አድርጌ ትቼው ኖሮ ቤቱ ተናወጠ። ባለቤቴ ከጓዳ «በስመ አብ!» አለች። የኔታ እጃቸውን ዘርግተው ሳቁ።

ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የኔታ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው ከስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። ተማሪዎቻቸው በየሳጥናቸው ብቅ ብቅ አሉ፤ ጢም ያወጡ፣ አንዳንዱ ሽበት የጀመረው፣ ደብር የሚያስተዳድርም አለበት። ሁሉም ተነሥተው እጅ ነሡ። ከዚያ በኋላ ግን እርስ በርሳቸው መተያየት፣ አፋቸውን በነጠላ መሸፈን ጀመሩ።

«ምን ያስቃችኋል?» አሉ የኔታ።

 በመጨረሻ ከሁሉ ታላቅ የሆነው ደፈረ።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉን። ቁልቁል ተዘቅዝቀው ነው የሚታዩን።»

ከስክሪኑ ጥግ ያለችውን የእኛን ሳጥን አየሁ። እውነት ነው፤ ጥምጥሙ ከታች፣ ወንበሩ ከላይ ነው። ካሜራው ዱሮውኑ ሲሠራ ተገልብጦ የተገጠመ ነው፤ የቀድሞው ሥርዓት ድራይቨር ምስሉን ገልብጦ ያቃናው ነበር፤ የሊነክሱ ግን እንደተገጠመ ያሳያል። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ አንብቤ ነው። ያን ጊዜ ያደረግሁት ግን ላፕቶፑን አንሥቼ መገልበጥ ነበር። የኔታ ለተማሪዎቻቸው ቀጥ አሉ፤ ተማሪዎቹ ግን ለየኔታ ተዘቀዘቁ፤ ፊደል የሚመታበትም ገበታ እንደ ጣሪያ ከላያቸው ተንጠለጠለ።

«መልሰው፣ መልሰው» አሉኝ። «እኔ እነሱን ልያቸው። እነሱ እኔን ያውቁኛል።» ከዚያም ወደ ስክሪኑ ዘንበል ብለው፣ «ስሙ! ጴጥሮስ ቁልቁል ተሰቅሎ ሃይማኖቱን አልለወጠም። እኔም ቁልቁል ሆኜ ቅኔ አልለውጥም። ማን ይጀምራል?» አሉ።

ሳቁ አባራ። የመጀመሪያው ተነሥቶ አሰማ። የኔታ በስክሪኑ ላይ ዐይኑን ትክ ብለው አዩት፤ ሁለተኛው ቤት ላይ ሲደርስ አስቆሙት፤ አንድ ቃል አንሥተው አገላበጡበት፤ አስደገሙት፤ እንደገና አስቆሙት። ሁለተኛውን «ይህን የተቀኘኸው አንተ አይደለህም፣ ዐይንህ ሸሸ» ብለው በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት አስቀመጡት፤ ልጁም፣ ልጅ ማለቴ የአንድ ደብር አለቃ፣ ጆሮውን እያሻሸ አመነ። ሦስተኛው ጥሩ ነበር፤ የኔታ ጉልበታቸውን መቱ። እኔ ግእዙን ግማሽ በግማሽ ነው የተከተልሁት፤ ዳዊት ደግሜ የወጣሁ ሰው ነኝ። የስልኬ ዳታ እንዳያልቅ ብቻ ስልኩን በእጄ ይዤ እጠባበቅ ነበር። ከተቀጠረው ጊዜ በላይ ቆዩ፤ ያስቆማቸው መብራት መጥፋቱ ነው።

አርብ ጠዋት የኔታ ከእኔ ቤት ሆነው ለልጃቸው ደወሉ።

«ትኬቱን መልሺው። ተማሪ አለኝ።»

«ሰምቻለሁ አባየ፤ አንዱ ተማሪዎ ደውሎልኛል። ተገልብጠው ሲያስተምሩ ነበር አሉ።»

«ቅኔው አልተገለበጠም።»

«ሰው አባቴን ዘቅዝቆ ሲያይ ደስ ይለኛል? በዚያ ላይ መብራቱ መካከል ላይ ጠፋ።»

«መብራት አዲስ አበባስ አይጠፋም?»

«ቢጠፋም እዚህ ብቻዎን አይደሉም።» የኔታ ስልኩን አፍነው ወደ እኔ «ይህችን ደግሞ ማን አስተማራት ክርክር?» አሉኝ። በመጨረሻ ቁርጡን ነገረቻቸው፤ ቅዳሜን ትተዋለች፤ ትኬቱን ግን አትመልሰውም፣ ወደ ቅበላ ሳምንት ታዛውረዋለች። እስከዚያ ያሉትን ሐሙሶች ራሷ ገብታ ታያለች። የኔታ «በኛ ነው በፈረንጅ?» አሏት። «በኛ ነው አባየ፣ በኛ» አለች። ከሰዓት በኋላም ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ወጣን፤ የተለዩት መጻሕፍት ግን አሁንም አልጋው ላይ እንደተከመሩ መሆናቸውን በመንገድ ላይ ነገሩኝ። ለምን ወደ ቦታቸው እንዳልመለሷቸው አልጠየቅኋቸውም።

ያልተቋጨው ይህ ነው። የድምፁ ድራይቨር ይሠራል። ምስሉን የሚያቃና የካሜራ ድራይቨር ግን እስካሁን አላገኘሁም፤ የኔታ ተዘቅዝቀው ያስተምራሉ። በቅበላ ሳምንት ይሄዱ እንደሆነ ወይም ይቆዩ እንደሆነ አልተወሰነም።